ከጥሎሽ ጋር የመጣ ቦቢና

በሰሜን ሸዋ ደጋ ጫፍ፣ ሐሙስ በር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አባት ልጁ አልሰማ ሲለው ቁጣ በቁጣ ላይ ሲደርብ፣ ወይም ባልና ሚስት ተጣልተው ድምፅ ብቻ ሲጨምሩ፣ ሽማግሎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አጭር አባባል አለች። እሳትም መንገድም ይነሱባታል። እንግዳ ሰው ሲሰማት ስለ ምድጃ የተባለች ይመስለዋል። የሐሙስ በር ሰው ግን መነሻዋን ያውቃል። የወጣችው ከአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ሞተር ነው፤ ያውም በሠርግ ቀን፣ ሙሽራይቱ ውስጡ ተቀምጣ ሳለች።

ላንድሮቨሩ የአቶ አጥናፉ ነበር። አጥናፉ በወጣትነቱ የመንገድ ሥራ ሹፌር ሆኖ ብዙ አገር ዞሯል። ኋላ መሬት ሲለኩ የከረሙ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ መኪናቸውን ከእጃቸው ገዝቶ ወደ ትውልድ አገሩ ገባ። ቀለሟ ወደ ቀይ የሚወስደው ስለሆነ እንደ ፈረስ «ዳማ» ብሎ ስም አወጣላት። የጥንት ጌቶች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበረው አገሩም እሱን «አባ ዳማ» አለው። ይህ ስም እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ ደስ ይለው ነበር።

ኩራቱ በባዶ አልነበረም። ከሐሙስ በር ማዶ «ልብ አድርቅ» የሚሉት ዳገት አለ። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ቋጥኝ ነው፤ መሐሉ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ኮረኮንች። የጭነት መኪኖች ይፈሩትና ግማሽ ቀን ዞረው ይሄዳሉ። ዳማ ግን በክረምትም በበጋም ትወጣዋለች። ሕመምተኛ ጭናለች፣ የዘር እህል ጭናለች፣ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የተከደነበት ቆርቆሮ በእሷ ጀርባ የሄደ ነው። ከዳገቱ አናት ያሉ ሰዎች ድምፅዋን ሲሰሙ «መኪና መጣ» አይሉም፤ «አባ ዳማ መጣ» ይላሉ። አጥናፉ ይህን ሲሰማ ዞር ብሎ አያይም። መሪውን እንደያዘ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ያ ለእሱ ይበቃዋል።

ልጁ ስንዱ ለጌጤነህ ስትታጭም ያሰበው ዳማን ነው። ጌጤነህ ከልብ አድርቅ ማዶ ያለችው የጨፌ ዋርካ ተወላጅ ሲሆን በደብረ ብርሃን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። ሠርጉ በወላጆቹ አገር ሊደገስ ስለተቆረጠ ሙሽራይቱ ዳገቱን መሻገር አለባት። አጥናፉ ሽማግሎቹን የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ በዳማ እንድትሄድ፣ የሚነዳውም እሱ ራሱ እንዲሆን። ሽማግሎቹ አጉረመረሙ። አባት ሙሽራ አይሸኝም፣ እቤቱ ቀርቶ ይመርቃል አሉት።

«እመርቃለሁ» አለ አጥናፉ። «ከመረቅሁ በኋላ ግን አባት መሆኔ ይቀርና ሹፌር እሆናለሁ። ሹፌር እቤቱ ይቀራል የሚል ሥርዓት ደግሞ አልሰማሁም።»

የሽማግሎቹ አውራ አባባ ቢያድግልኝ ነበሩ። በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ሰምተው ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው «ይሁን፣ ይንዳት» አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ይሁን እንጂ አጥናፉን አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ያሳስበው ነበር። ዳማ ጉም በወረደ ጠዋት ማሳል ጀምራለች። ምክንያቱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የእንደዚህ ያለው ሞተር ሕይወቱ እሳት ነው። ቦቢና የሚባለው ዕቃ እሳቱን ይወልዳል፤ ወፋፍራም ገመዶች ተሸክመው ወደ አራቱ ካንዴላዎች ያደርሱታል፤ ካንዴላዎቹ ቤንዚኑን ያቀጣጥላሉ። የዳማ ቦቢና ምንም አልሆነም። ገመዶቹ ናቸው ደርቀው እንደ በጋ ተረከዝ የተሰነጣጠቁት። ገመዶቹ የሚሰኩበት፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳንም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥቷል። ሚስቱ ደብሪቱ ሞተሩ ባሳለ ቁጥር «ለሠርጉ ካባ ከምታማርጥ ለእሷ ገመድ ፈልግላት» ትለው ነበር። እውነትዋን ነው። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ነጋዴ በኩል ለጌጤነህ መልእክት ሰደደ፤ የካንዴላ ገመድና የዲስትሪቢዩተር ክዳን ካለህ ይዘህልኝ ና አለው።

ጌጤነህ ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ መልእክቱ ደርሶት ገመዱን ከመደርደሪያው አውርዶ አይቶት ነበር። ጥቁር፣ ተራ ገመድ ነው። ሴት ልጁን ሊሰጠው ላለ ሰው፣ ያውም ለአባ ዳማ፣ ይህን ጠቅልሎ በሽማግሎች ፊት ሲያቀርብ ታየው። የበሬ ማሰሪያ ያመጣ ነው የሚመስለው። አፈረና መልሶ ሰቀለው። በፋንታው ለእሽቅድምድም መኪና የተሠራ ነው የተባለ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ትልቅ ቦቢና ፈልጎ ገዛ።

ጥሎሹ የቀረበው ከሠርጉ በፊት በነበረው እሑድ በአጥናፉ ግቢ ነው። ቀኑ ብራ ነበር፤ ዳሱ በሰው ተሞልቷል። ቀሚሱ ተዘርግቶ ታየ፤ ካባው ታየ፤ ወርቁ ታየ። በመጨረሻ ሚዜው አንድ ካርቶን ከፍቶ ቀዩን ቦቢና ከፍ አድርጎ አሳየ። ምን እንደሆነ ያወቀ ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ማማሩን አይተው ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ጌጤነህ ከፊት ወጥቶ ለአማቱ ያመጣው እንደሆነ፣ እሳቱም የድሮውን እጥፍ እንደሚሆን ተናገረ። አጥናፉ ቦቢናውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከባድ ነው፤ ያምራል። ጎንበስ ብሎ ጌጤነህን በጆሮው ጠየቀው።

«ገመዱስ?»

«ጋሼ፣ ይህን የሚያህል እሳት እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?»

እንዳልሆነ አጥናፉ ያውቅ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ያወቀው ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን በእሱ ላይ ጥሏል። አንዱ «አባ ዳማ፣ ግጠመውና እንስማው እንጂ» አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ልቡ ሞቀ። የለበሰውን ኩታ ለሚስቱ ሰጥቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እዚያው በእንግዶቹ ፊት የድሮውን ቦቢና ፈትቶ አዲሱን አሰረ። በካርቶኑ ላይ የካንዴላዎቹን ጫፍ ከፈት አድርጉ፣ እሳቱ ረጅም እንዲዘል ይላል ብሎ ጌጤነህ ሲያነብለት፣ ያንንም አደረገ።

ቁልፉን ሲነካው ዳማ እንደዚያ ቀን ጮኻ አታውቅም። ግቢው ተንቀጠቀጠ። አጥናፉ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ ወንዶቹ በጭብጨባ፣ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉት። የገመዱ ነገር በልቡ ብልጭ ብሎ ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል ብሎ አሳደረው። ደብሪቱ ብቻ እልል ሳትል ኩታውን መለሰችለት። እሱ ግን ያንን ልብ አላለውም።

የዚያን ዓመት በልጉ ቀድሞ ገባ። በሠርጉ ዕለት ልብ አድርቅ ከግርጌው እስከ አናቱ ጉም ለብሶ፣ ካፊያ ይወርድ ነበር። አጥናፉ ልጁን መርቆ አለቀሰ፤ ከዚያም እንዳለው ሹፌር ሆነና መሪው ላይ ተቀመጠ። አባባ ቢያድግልኝ ከጎኑ ተቀመጡ። ከኋላ ሙሽሮቹና ሚዜው ተጫኑ። የቀረው አጃቢ በበቅሎና በእግር ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ከበሮውም ከጉሙ በላይ ከሩቅ ይሰማል።

ዳማ የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ በደንብ ወጣችው። በሁለተኛው ላይ አሳለች። አጥናፉ ማርሽ ቀንሶ ቤንዚን ጨመረላት፤ ይባስ ብላ እንደሚያነክስ ሰው ትቆራረጥ ጀመር። ከሁሉ በሚጠብበት፣ ገደሉ ከጎማው ሥር በሚጀምርበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ጥፍት አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ካፊያው ቆርቆሮዋን ሲመታ ብቻ ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ ሸርተት ስትል አጥናፉ ፍሬኑን ረግጦ ያዛት፤ ሚዜው ዘሎ ወርዶ ከጎማዎቹ በስተኋላ ድንጋይ ደገፈ።

ቁልፉን ሞከረው፤ እንቢ አለ። ጌጤነህ ብርድ ነው፣ አንድ ጊዜ ከተነሣች ትሄዳለች ብሎ «አሁንም ጋሼ፣ አሁንም» እያለ ቢያስሞክረው ባትሪው ደከመ። ከዳገቱ አናት ከበሮው ይመታል። የጌጤነህ ዘመዶች ሙሽራ በእግሯ ተጎትታ ከገባች ቤቱ አይቀናም የሚሉ ሰዎች ናቸው። አጥናፉ ግን ያንን አላሰበም። ያሰበው ከኋላ ወንበር የተቀመጠችውን ልጁን ነው። ታምነዋለች፤ ዳማን ታምናታለች። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ያሻገረበት ዳገት ላይ የገዛ ልጁን ገደል አፍ ላይ አስቀምጧት ቆመ። ፊቱ በካፊያው ውስጥ ነደደ።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጌጤነህን መሪው ላይ አስቀምጦ «ስልህ አንድ ጊዜ ብቻ ንካው» አለው። አባባ ቢያድግልኝም ወርደው ከጎኑ ቆሙ። ጉሙ ቀኑን አጨልሞት ስለነበር ኮፈኑ ሥር ጨለማ ነው። ጌጤነህ ቁልፉን ሲነካ ሞተሩ በድካም ዞረ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም አዩት። ቀጫጭን ሰማያዊ እሳት በገመዶቹ ስንጥቅ ሁሉ እየወጣ በርጥቡ ብረት ላይ ይጨፍራል። ክዳኑም ላይ እንደ ሩቅ መብረቅ ይሄዳል።

«ይህ እሳት ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ አባባ ቢያድግልኝ።

«ወደ ካንዴላው ነበር አባባ። አልደረሰም። መንገድ ላይ ይቀራል።»

«ስላነሰ ነው?»

«ስለበዛ ነው። የድሮው ተጎትቶም ቢሆን ይደርስ ነበር። ይህኛው ጉልበተኛ ነው፤ ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር አጥሩን ጥሶ ይወጣል።»

ጌጤነህ ከመኪናው ወርዶ ይህን ሰማ። ሚዜው ቆሟል፤ ስንዱም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ታያለች። ፊቱ አመድ መሰለ። ገመዱ ሱቁ ውስጥ እንደነበረ፣ መልእክቱም እንደደረሰው፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ አፍሮ እንደተወው ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። ዕቃ መሸጥ እንጂ መግጠም እንደማያውቅም አልሸሸገም።

አጥናፉ በዚያ ሰዓት ጥፋቱን በሙሉ በአማቹ ላይ ጥሎ ራሱን ንጹሕ ማድረግ ይችል ነበር፤ የሚሟገተው አልነበረም። ነገር ግን አባ ዳማ የሚለው ስም ያኮራው ሰው፣ የራሱን ጥፋት በሌላ ሰው ጀርባ መጫን ከብዶት ታየ።

«አንተ ሳታውቅ ነው ያመጣኸው» አለው። «እኔ ግን እያወቅሁ ነው የገጠምሁት። እልልታው ጣፈጠኝ። በል አሁን ኮትህን አውልቅ።»

ክዳኑን ፈትተው አወረዱት። ውስጡ ላብ እንዳጠመቀው ግንባር ረጥቧል። ማድረቂያ ጨርቅ ሲፈልጉ በመኪናው ያለው ሁሉ እርጥብ ሆነ። ስንዱ የአዲስ ነጠላዋን ጫፍ በመስኮቱ አውጥታ ዘረጋች። አባቷ እጁን ሰበሰበ።

«ልብስሽ ነው ልጄ፤ ይጠቁራል።»

«ይጥቆር አባዬ። የዳማ ከሆነ ነውር የለውም።»

በነጠላው ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም አደረቀው፤ የተቃጠለውንም ጥቁር መስመር ፍቆ አነጣው። አባባ ቢያድግልኝ ለጨፌ ዋርካ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ከደረታቸው የያዙትን ጧፍ አወጡና ሰም ከሆነ ይረዳ እንደሆን ጠየቁ። ረዳ እንጂ። ጌጤነህ ሰሙን በመዳፉ እያሞቀ በየገመዱ ስንጥቅ፣ አንድም ሳያልፍ ጠቀጠቀው፤ ነጭ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ቅባት ሆነ። ገመዶቹ እርስ በርስም ከብረቱም እንዳይነካኩ ሚዜው ደረቅ እንጨት ከወንበሩ ሥር ፈልጎ በመካከላቸው ሰካ። አጥናፉ ደግሞ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ያን እሑድ የከፈተውን ጫፋቸውን በድንጋይ ቀስ ብሎ እየመታ መለሰው።

ጌጤነህ ለምን እንደሚያጠበው ጠየቀው።

«የሚዘልበት ሲርቅበት ነው አቋራጭ የሚፈልገው» አለ አጥናፉ። «ካቀረብህለት በመንገዱ ይሄዳል።»

ባትሪው ከዚህ በኋላ ሞተር አያዞርም፤ ለእሳቱ ብቻ ነው የሚበቃው። አጥናፉ ከወንበር ሥር ማኖቬላውን፣ ሞተር በእጅ የሚዞርበትን ብረት አወጣና በፊት ለፊት ሰካው። ወጣቶቹ እኛ እናዙረው ቢሉ አልሰጣቸውም። እግሩን በኮረኮንቹ ላይ ተክሎ፣ ትከሻውን ሰብስቦ አዞረው። ምንም የለም። ትንፋሹን ሰብስቦ ደገመው። ዳማ አንድ ጊዜ አሳለች፤ ከዚያ ተቀበለችው። ድምፅዋ እንደዚያ እሑድ የሚያንቀጠቅጥ አልነበረም። ለስላሳ፣ የማይቆራረጥ፣ አጥናፉ በእንቅልፉም የሚለየው የድሮ ድምፅዋ ነበር።

ማንም እልል አላለም። ሁሉም ገብተው ተቀመጡ፤ ሚዜው ድንጋዩን አነሣ፤ አጥናፉ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ለቀቀው። ዳማ የቀሩትን ጠመዝማዞች አንድ በአንድ እየበላች ወጣች። አናቱ ላይ ከጉሙ ሲወጡ ፀሐይ ነበረች። የሚጠብቁት ሰዎች ከበሮውን አቁመው ሲያዳምጡ ቆይተው ኖሮ «አባ ዳማ መጣ» የሚለው ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀባበለ። አጥናፉ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ አላየም። አንገቱን ግን ከምንጊዜውም ይልቅ ቀና አድርጎ ነበር።

የሙሽራው እናት ሙሽራይቱን ስመው ለመቀበል ቀርበው የጠቆረውን ነጠላ ሲያዩ ደነገጡ። ስንዱ ጫፉን ልትደብቀው አልሞከረችም። አባቷ ያሻገራት በዚህ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ነጠላውንም እንዳለ አጣፍታው ገባች። አጥናፉ ይህን የሰማው ከመኪናው ሆኖ ነው፤ መሪውን ይዞ ዓይኑን ጠረገ።

ሙሽሮቹ ለመልሱ ወደ ሐሙስ በር ሲመጡ እንደ ወጉ በድግስ ተቀበሏቸው። ዳማ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ አጥናፉ ከሠርጉ ከተመለሰ ወዲህ ቀዩን ቦቢና ፈትቶ የድሮውን መልሶላታል፤ ዳገትም አላስነካትም። ጌጤነህ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ አንድ ካርቶን ለአማቱ አቀረበ። ውስጡ አዲስ የካንዴላ ገመድ፣ አዲስ ክዳን፣ የቦቢናውን እሳት በየጊዜው የሚያቆራርጠውንና ቶሎ ቶሎ ተበልቶ የሚያልቀውን ፑንቲና የሚተካ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዕቃም ነበረች። ከየትኛው እንጀምር ብሎም አማቱን ጠየቀ።

አጥናፉ ካርቶኑን እንደ ወርቅ በሁለት እጁ ተቀበለ። ዛሬ ገመዱና ክዳኑ፣ የባትሪው ማሰሪያም የሞተሩ ማሰሪያም ተፍቀው ይጥበቁ አለ። እሱ ካማረ በኋላ ትንሿ ዕቃ ትግባ፤ ፑንቲና ከማስተካከል ትገላግለናለች። ቀዩ ቦቢና ከሁሉ ኋላ ተራው ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ። ይህን ተናግሮ ድግሱ ሳያልቅ ሁለቱ ኮፈኑን ከፍተው ጎን ለጎን ጎነበሱ። የአንዱ ኩታ፣ የሌላው ኮት አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ደብሪቱ ከዳሱ በር ሆና አየቻቸው፤ ለጎረቤቷም «አሁን አማች አገኘን» አለች።

የጌጤነህ አጎት ከደብረ ብርሃን የመጡ፣ ክብር የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ የልብ አድርቁን ነገር አልሰሙም። ካርቶኑን ከሩቅ አይተው ዘመዳቸው ያዋረዳቸው መሰላቸው። ወደ አባባ ቢያድግልኝ ጠጋ ብለው፣ ያን የመሰለ ቦቢና ያመጣ ልጅ ለአማቱ መልስ እንዴት ገመድ ይዞ ይመጣል፣ እሳቱ ካነሰ ሌላ የሚበልጥ አይገዛም ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው።

አባባ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ። አጥናፉና ጌጤነህ የመጨረሻውን ገመድ ሰክተው ዳማን ሲያስነሷት ድምፅዋን አዳመጡ፤ ከዚያም ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወዳጄ፣ እሳት ከማብዛት መንገዱን ማጽዳት» አሉ።